ሃምሳውንም ሎሚ ለዘይነባ

«እሺ» የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከስሼ ፍርድ ቤት የማቆመው እኔ ነኝ። ለአፍ አትከብድም፣ ጥርስ አትሰብርም፣ የተናገራትን ሰው ሁሉ ጨዋ ታስመስላለች። የእኔን ጨጓራ ግን ልጣዋለች። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

አበራሽ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ቁጡ ነሽ ይለኛል። ቁጡ አይደለሁም፤ ቀጠሮ አክባሪ ነኝ። ባገራችን ሁለቱ ተለይተው ስለማይታወቁ ስሙን ተሸክሜ እኖራለሁ።

የስፌት ቤት ደግሞ የማያልቅ ነገር ቢኖረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ጆንያ ሙሉ እራፊ ጥግ ላይ ተቆልሎ ሳለ አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሊጠይቁኝ መጡ። እትዬ አስካለ አንኮበር ተወልደው ያደጉ፣ ተረትና ምሳሌ ከአፋቸው የማይጠፋ፣ ደጃቸውን የረገጠ ሰው ሳያበሉ የማይሸኙ ሴት ናቸው። ጆንያውን አይተው፣ «ይኼ ሁሉ ጨርቅ ተቀምጦ እኛ በብርድ እንንቀጠቀጥ? እንደ ዕቁብ ተራ ገብተን ብርድ ልብስ ብንሠራስ?» አሉ። ሐሳቡን ወደድኩት። የወደድኩበትን ቀን ዛሬም እረግመዋለሁ፣ መልሼም እመርቀዋለሁ።

አራት ሆንን። እትዬ አስካለና እኔ። ሦስተኛዋ ከሱቄ ማዶ ፀጉር የምትሠራው ብርቱካን ናት፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ሳትነሳ «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» የምትል። አራተኛዋ ዘይነባ ናት። ዘይነባ ከባሏ ከሰይድ ጋር ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ እዚሁ ከተማ መጠለያ ውስጥ በሸራ ቤት ትኖራለች። መጀመሪያ ሱቄ የመጣችው ለልጇ ልብስ መጣፊያ እራፊ ለመለመን ነበር። መርፌ አያያዟን ሳይ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት፤ እጇ ፈጣን፣ ስፌቷም ጥርት ያለ ነው።

ውላችን ቀላል ነበር። እያንዳንዳችን እራፊ ገጣጥመን አንድ አንድ ረጅም ቁራጭ እንሠራለን። አራቱ ቁራጭ ጎን ለጎን ሲጋጠም ብርድ ልብስ ይሆናል። ከመዘዞ በሚመጣ የበግ ፀጉር ሆዱን እንሞላለን፣ ገበሩን እኔ በመኪና እዘጋዋለሁ። ባለተራዋም ብትሆን የራሷን ድርሻ ታመጣለች። እትዬ አስካለ መረቁን፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉ። ዕጣ ጣልን። መጀመሪያ ለብርቱካን ወጣ፣ ቀጥሎ ለእትዬ አስካለ፣ ከዚያ ለዘይነባ። እኔ መጨረሻ ሆንኩ፤ የእኔ ዕድል እንዲህ ነው።

የብርቱካን ብርድ ልብስ ባጭር ጊዜ አለቀ። የራሷን እስክትቀበል ድረስ ከእሷ የሚቀድም አልነበረም። ከተቀበለች በኋላ ግን መርፌ ያቃጥላት ይመስል እጇን ሰበሰበች። የእትዬ አስካለም በስንት ንዝንዝ ደረሰ። የዘይነባ ተራ ሲመጣ ነገሩ ቀልድ የማይሆንበት ምክንያት ነበረን። ዘይነባ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው በጥር ነው። የታኅሣሥንና የጥርን የደብረ ብርሃን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደጅ ያደረ ውሃ በስሱ ይጋገራል፤ ከግንብ ቤት ውስጥ የምንኖረው እንኳ ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ከራሳችን ጋር እንሟገታለን። እሷ አራስ ሆና የምትተኛው በሸራ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ቁራጮቻችንን ለሕዳር ሚካኤል እናስረክብ» አልኩ። እትዬ አስካለ «እሺ ልጄ፣ ምን ገዶን» አሉ። ብርቱካን «እሺ አቡዬ፣ እንዲያውም ቀደም አድርጌ» አለች፤ አቡዬ የምትለው እኔን ስታቆላምጥ ነው። ዘይነባ ቀና ሳትል «እሺ» አለች።

ሕዳር ሚካኤል ደረሰ። ቁራጯን ይዛ የመጣች ዘይነባ ብቻ ናት። የእኔ ቀድሞም አልቋል። የሌሎቹ የለም።

«ነገ» አሉ እትዬ አስካለ። «ጫፉ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች ብርቱካን። ነገ ሄደ፣ ከነገ ወዲያ መጣ፣ ጫፉ አላልቅ አለ። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ዘይነባን፣ «አንቺስ ባለተራዋ አይደለሽም እንዴ? ለምን ዝም ትያለሽ? ጠይቂያቸው እንጂ!» አልኳት።

«ይደርሳል ኢንሻአላህ፣ እታለም» አለችኝ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ። «ሥራ ይዟቸው ነው። አትቆጫቸው።»

እርር ድብን አልኩ። የሚገባትን ነገር ላዘገዩባት ሰዎች ትሟገታለች? ፊቷ ደግሞ ሰውነቷ እየከበደ ሲሄድ እየገረጣ፣ ዓይኗ ሥር እየጠቆረ ነበር። የእርግዝናው ነው ብዬ አለፍኩት።

እንዲህ እያልን ታኅሣሥ ገባ። አንድ ጠዋት ገና ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነው።

«እታለም፣ ዘይነባን ምጥ ያዛት። ቀኑ ሳይደርስ ነው። ጤና ጣቢያ አስገብቻታለሁ፤ እኔ ከዚህ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ልብሷን ከቤት አምጭልኝ፣ ቁልፉ ጎረቤታችን ፋጡማ ጋ ነው።»

«እንዴት ናት?»

«አዋላጇ ይቆያል አለችኝ። አላህ ያውቃል፣ እታለም። እኔ የፈራሁት ከወጣች በኋላ ያለውን ነው። ሌሊት ሸራው ከውስጥ ውርጭ ይዞ ነው የሚያድረው። ሕፃኑ ደግሞ ቀኑ ያልደረሰ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ጨርቄን ማቄን ሳልል ሱቁን ቆልፌ ብርቱካን ጋ ተሻገርኩ። አንዲት ደንበኛ አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች።

«ቁራጩን ስጭኝ» አልኳት ከበሩ ላይ።

«አቡዬ! ደህና አደርሽ? ቁጭ በይ እንጂ። እየጨረስኩት እኮ ነው።»

«ከሕዳር ሚካኤል ጀምሮ እየጨረስሽው ነው! ያለቀውን ያህል ስጭኝ፣ የቀረውን ራሴ እሰፋዋለሁ። ዘይነባ ምጥ ላይ ናት።»

ሚዶው ከእጇ ወደቀ። «ዘይነባ? ዛሬ? ጥር አይደል እንዴ?»

«ጥር መስሎሽ ነበር የተኛሽው? ቁራጩ የት ነው?»

«እ… እዚህ የለም። እትዬ አስካለ ጋ ነው። አዎ፣ እሳቸው ጋ ነው ያስቀመጥኩት።»

ደንበኛዋ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች። ሌላ ቃል ሳልጨምር ወጣሁ።

እትዬ አስካለ ቤት ስደርስ ገና በሩን ሳልፍ «ግቢ ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ አሹቅ አለ» ተባልኩ።

«እትዬ፣ አልቀመጥም። ዘይነባ ምጥ ይዟታል። የእርስዎንና የብርቱካንን ቁራጭ ይስጡኝ።»

ደንገጥ አሉ። ከዚያ ሳህኑን አነሱ። «ማርያም ትቅረባት! መጀመሪያ ይችን ቅመሺ። ባዶ ሆድሽን ነው የመጣሽው።»

«እትዬ!»

«በሞቴ! አንዴ ብቻ።»

እምቢ ብዬ እንዴት ልወጣ? አሹቁን በሁለት እጄ ወደ አፌ እየከተትኩ፣ «ቁራጩስ?» አልኩ።

«የእኔው? እሱማ… ብርቱካን ጋ ነው።»

«ብርቱካን የራሷንም እርስዎ ጋ ነው አለችኝ እኮ!»

«እንግዲያስ ተላልፈን ይሆናል» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እሺ ልጄ፣ አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ከሰዓት እልክልሻለሁ። እሺ?»

ያቺ «እሺ» ናላዬን አዞረችው። ወደ ሱቄ ተመልሼ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት አፈላሁ፣ የእኔንና የዘይነባን ቁራጭ አጥፌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ሁለቱ ቁራጭ ብርድ ልብስ ባይሆንም ለሕፃኑ መጠቅለያ ይበቃል ብዬ ነው። ከዚያ በባጃጅ የአራሷን ልብስ ላመጣ ወደ መጠለያው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ እየተነጫነጭኩ ስለነበር ባጃጅ ነጂው ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

የዘይነባ ሸራ ቤት ከመደዳው መጨረሻ ላይ ነው። ስጠጋ በሩ ላይ ሰው አየሁ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ አሮጊት ቆመዋል። ከወዲያኛው በኩል ደግሞ አንዲት ወጣት እየሮጠች መጣችና አሮጊቷን ስታይ ቀጥ አለች። እትዬ አስካለና ብርቱካን ናቸው። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ። 

«እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለች ብርቱካን።

«አንቺስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሁለታችሁስ?» አልኩ እኔ።

ይህን ጊዜ ፋጡማ፣ የዘይነባ ጎረቤት፣ ቁልፉን ይዛ ከጎን ካለው ሸራ ወጣች። ሦስት ሴት በማየቷ ፊቷ በራ። «እልፍ በሉ! እሷም ይመጣሉ ብላኝ ነበር» አለች። ገባችና በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ይዛ ወጣች። «ይቺ የእትዬ አስካለ ናት። ይቺ ደግሞ የብርቱካን። ትላንት ማታ ምጡ ሲጀምራት ነው አደራ ያለችኝ። የብርቱካን ጫፉ አልተዘመዘመም፤ 'አልደረሰልኝም፣ ይቅርታ በያት' ብላለች።»

ፌስታሉን ከፈትኩት። ያ ሁሉ «ነገ»፣ ያ ሁሉ «ጫፉ ብቻ ነው የቀረኝ» እዚያ ውስጥ ነበር። በዘይነባ እጅ የተሰፋ ነው፤ ያን ጥርት ያለ ስፌት በጨለማም ብዳስሰው አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ በዚያ በገረጣ ፊቷ፣ በዚያ ሆዷ፣ የራሷን ድርሻ ጨርሳ የእትዬ አስካለን፣ ከዚያም የብርቱካንን ስትሰፋ ከርማለች። ለራሷ የሚሰጣትን ስጦታ ራሷ!

እግዜር ያሳያችሁ፣ ስጮህ መደዳው ሁሉ ወጣ።

«ሐፍረት የላችሁም? ለአራስ ስጦታ አራሷን ታሰፋላችሁ?»

ብርቱካን ማልቀስ ጀመረች። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኳት አቡዬ። ሥራ በዝቶብኝ ትንሽ ጀምሪልኝ አልኳት። እሺ፣ ምን አላት አለችኝ። እትዬም እንደሰጧት መች አወቅሁ!»

እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል» አሉ። «ሞራ ነው አሉኝ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆየ። ለእናንተ መናገር አፈርኩ። እሷ ልጄ ናት፣ አትነግርብኝም ብዬ ነው። እሺ አለችኝ። እኔም የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ምን ይባላል? እትዬን እንዳልቆጣቸው ዓይናቸው አለ፤ እንዳልተዋቸው ደግሞ ቆሽቴ አርሯል። ዓይኔ ታመመ ማለት ምን ያሳፍራል? ደግሞ ሃምሳ ሎሚ ብለው መርቀውን! ሃምሳውንም ለአንዲት እርጉዝ ሴት አሸክመናት ሦስታችን ባዶ እጃችንን እያወዛወዝን ነበር የምንሄደው። ይህን ሁሉ እዚያው በር ላይ አልኳቸው። ፋጡማ አጠፋሁ ብላ ተጨንቃ ፌስታሉን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች።

ልብሱንና አጥሚቱን ለሰይድ አደረስንለት። ዘይነባ ገና አልወለደችም። የአዋላጇ ፊት አይነበብም ነበር፤ «ጠብቁ» ብቻ አለችን። ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱን ሴቶች ይዤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ፤ ይዤ ስል ነድቼ ማለቴ ነው። ብርቱካንን መርፌ አስያዝኳትና ያንን ያልተዘመዘመ ጫፍ ራሷ እንድትዘመዝመው አደረግሁ። ጣቷን እየወጋች፣ አፍንጫዋን እየሳበች ዘመዘመችው። ስፌቷ ጠማማ ነበር፤ ልተረትረው አሰብኩና ተውኩት። እትዬ አስካለ ከጎን ተቀምጠው የበጉን ፀጉር በጣታቸው ይበጥሩ ጀመር። ዓይን አያስፈልገውም፤ ጣታቸው ቋጠሮ ሁሉ ያገኛል። እንዲያ ለስልሶ የተበጠረ ፀጉር እስከዚያ ቀን አላየሁም። ይህንን ሥራ ከመጀመሪያ ቢጠይቁን ኖሮ ብዬ እንደገና ተቃጠልኩ። ሲመሽ ገበሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ነበርን። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ሰይድ ሲያየን እየሮጠ መጣ። «ሴት ናት! አልሀምዱሊላህ! ትንሽ ናት፣ ግን ትጮኻለች!» አለ። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት።

ዘይነባ አልጋው ላይ ተጋድማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ናት። ብርድ ልብሱን ዘረጋንና ሁለቱን አለበስናቸው። ዘይነባ በእጇ ዳሰሰችው፤ ራሷ የገጣጠመችውን ቀዩን እራፊ፣ ሰማያዊውን እራፊ። ከዚያ ቀና ብላ ለሦስታችን፣ ወግ ነውና፣ እንዲህ አለች፦

«ምነው? ለእኔ ብላችሁ ይህን ያህል ለፋችሁ?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ብርቱካን ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ግን መታገሥ እንደማልችል ታውቃላችሁ።

«ማን ለፋ?» አልኩ። «ማን ለፋ፣ ዘይነባ? ሁሉንም አውቀናል! ሦስቱን ቁራጭ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ለምን እምቢ አላልሽም? አንዴ 'አልችልም' ብትይ ምላስሽ ይቆረጥ ነበር?»

ሰይድ ደንግጦ ሚስቱን አየ። እሷ ቀስ ብላ የሕፃኗን ራስ በብርድ ልብሱ ሸፈነች።

«እታለም» አለች። «እኔ እዚህ አገር ባዶ እጄን ስመጣ፣ ውሃ ስጡኝ ስል እሺ አሉኝ። ለልጄ እራፊ ስጭኝ ስልሽ እሺ አልሽኝ። እኔ የምመልሰው ምን አለኝ? ያለኝ 'እሺ' ናት። እሷንም ከነፈግኩ ነገ ማን ያስጠጋኛል?»

  እትዬ አስካለ ተጠግተው እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ አቀፉና፣ «የኔ ልጅ፣ ቤቴ ዛሬም እምቢ ብትይኝም ቤትሽ ነው» አሉ። አራስነቷንም እሳቸው ቤት እንድታሳልፍ አደረጉ፤ ሰይድ ሰው ማስቸገር ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረና በሞቴ ተብሎ እሺ አለ።

አንባቢዎቼ፣ ይሉኝታ ጥሩ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይሉኝታ የሌለበት አገር መኖር አልፈልግም። ግን ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ተመልከቱ። እኛ ሦስታችን እርስ በርስ ላለመቀያየም ስንል ጨዋ ሆንን፤ የጨዋነታችንን ሸክም ግን ተቀየምኩ የማለት አቅም የሌላት ሴት ተሸከመችው። ከዚያ ወዲህ እኔ ከሰው «እሺ» ስሰማ መጀመሪያ የማየው ያለውን ሰው ፊት ነው። እምቢ ቢለኝ ምን ይመጣበታል ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ የሚመጣበት ከሆነ ያ እሺ አይደለም።

ማኅበራችን አልፈረሰም። እትዬ አስካለ አሁን ፀጉር ብቻ ይበጥራሉ፣ መርፌ የሚባል አይነኩም። ብርቱካን የራሷን ትሰፋለች፤ ዛሬም ትዘገያለች፣ ዛሬም መንገድ ላይ ናት። ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣሁ፦ ሥራ የተጠየቀች ሴት የዚያኑ ቀን እሺ ማለት አትችልም፤ አድራ፣ ቤቷ ሆና አስባ ነው የምትመልሰው። ዘይነባ ግን አድራም እሺ፣ ሰንብታም እሺ። ስንት ጊዜ መከርኳት፣ ስንት ጊዜ ተቆጣኋት! «እሺ፣ ከእንግዲህ እምቢ እላለሁ» ትለኛለች። እሷንም በእሺ!

ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤት ሊከፈት የዩኒፎርም ትዕዛዝ ተቆልሎብኝ መውጫ መግቢያ አጣሁ። ዘይነባ ሕፃኗን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልላ አዝላ ሱቄ ገባች። አዲስ ዓመት ላይ መጠየቋ ነው። ሥራው አሯሩጦኝ የራሴንም ደንብ ረሳሁት።

«ዘይኑዬ፣ እነዚህን ቁልፎች ትተክይልኛለሽ? እስከ ነገ ጠዋት።»

ቁልሉን አየችው። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።  ከንፈሯ «እ» ሊል ሲከፈት አየሁት። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«አልችልም» አለች።

የሚከተል ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይቅርታ፣ ምክንያት፣ ኢንሻአላህ። ምንም አልተከተለም። ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም፤ እጇ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ፣ ያንን የብርቱካንን ጠማማ ስፌት፣ ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

«ተቀየምሽኝ እንዴ፣ እታለም?» አለችኝ።

ተቀይሜያለሁ እንጂ! ጠዋት ወላጆች ዩኒፎርም ብለው በሬ ላይ ሊሰለፉ ነው፤ ቁልፍ የሚተክል ሰው የለኝም፤ ቆሽቴ እርር ብሏል። እንዲያው እንዳረርኩ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ፣ ማዶ ያለችው ብርቱካን ማበጠሪያዋን ይዛ እስክትወጣ ድረስ እልልታዬን አቀለጥኩት።